የሐምሌ ጥላ

መጀመሪያ ያየሁት እጆቹን ነው። የጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ልወጣ መሰላሉ መሐል ደርሼ ወደ ታች ስመለከት፣ ሁለት እጆች ግራና ቀኙን ጨብጠው ይዘዋል። ፊቱን ባርኔጣው ሸፍኖታል። እኔ ደግሞ በባሕርዬ ሰው ሲደግፈኝ አልወድም። ይልቀቁት፣ ለምጄዋለሁ አልኩት። እጆቹ ንቅንቅ አላሉም።

«እርስዎ ለምደውት ይሆናል» አለ ከታች። «መሰላሉ ግን እርስዎን ገና አልለመደም።»

ሳቄ መጣ። ዋጥ አድርጌው ወጣሁ። ሥራዬን ጨርሼ ስወርድም እጆቹ እዚያው ነበሩ።

ጋሩማ ይባላል። የጤና ጣቢያው ነርስ ነው፤ የክትባቱ መድኃኒት ኃላፊነት የእሱ ነው። ቀበሌው ከጉቴ ከተማ አለፍ ብሎ ያለ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ ያሉ ሰዎች እኔን በደግ እያነሱኝ ሳለ እኔ እነሱን ለወሬ አሳልፌ መስጠት አይሆንልኝም። የመብራት ምሰሶ አለው፣ ሽቦም አለው። መብራቱ ግን ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። የክትባት ማቀዝቀዣ ደግሞ እንዲህ ያለ እንግዳ አይችልም። ለዚህ ነው እኛ በፀሐይ ኃይል ልናስኬደው የሄድነው።

እኔ ሰናይት ነኝ። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ነው የተወለድኩት። አባቴ ጫንያለው መምህር ሆኖ ከጎጃም ተመድቦ መጣ፤ መጥቶም ቀረ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ሲወጡ ኦሮምኛ፤ አስተዳደጋችን እንዲህ ነው። በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ በኋላ ጓደኞቼ ባንክ ሲገቡ እኔ በፀሐይ ኃይል ካልሆነ አልሠራም ብዬ ድርቅ አልኩ። እናቴ አስካለ፣ ፀሐይዋ የትም አትሄድብሽም፣ አንቺ እስክታረጂ ባንኩ ይዘጋል እያለች ከረመች። በመጨረሻ ኢንጂነር ታዲዮስ የሚባል ሰው ነቀምቴ ላይ የከፈተው ትንሽ ኩባንያ የስድስት ወር ኮንትራት ሰጠኝ። ልኬቱን ታኅሣሥ ላይ እሱ ራሱ ሠርቶት ነበር። የካቲት ላይ ፓነሎቹን የገጠምነው በእሱ ልኬት ነው።

ከዚያ በኋላ ለክትትል መመላለስ ያዝኩ። በወር አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ እኔ ሳምንት አላልፍም። ታዲዮስ ትጋቴን አመሰገነ። እኔም ምስጋናውን ሳልሸማቀቅ ተቀበልኩ።

ጋሩማ የፍቅር ቃል የሚባል ነገር አፉን አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት ይደውልና «ማቀዝቀዣው ደህና አድሯል» ይለኛል። እሺ እላለሁ። ትንሽ ዝም እንባባላለን፤ እሱም አይዘጋም፣ እኔም አልዘጋም። ከዚያ መልካም ቀን ይለኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለእናቴ ከሥራ ነው የተደወለው እላት ነበር። እማዬም ይሄ ሥራሽ ፊትሽን ያቀላዋል ሳ ብላ ዞር ትላለች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ጉቴ አስፋልቱ ዳር ወደ ነቀምቴ የምሄድበትን ሚኒባስ አብረን እየጠበቅን፣ ድንገት ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው ለማናገር ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም።

«አባቴ ቤታችሁ ጃርሶሊ ሊልክ ነው» አለ። «ሐምሌ በባተ በሁለተኛው እሑድ። እምቢ የምትዪ ከሆነ አሁን ንገሪኝ፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ከሚያፍር እኔ አስፋልት ላይ ቆሜ ልፈር።»

«ማቀዝቀዣው ይህን ያውቃል?» አልኩት።

እሱም ሳቀ። ሚኒባሱ መጣና በእኛ ሳቅ መሐል ቆመ። ረዳቱ ትገቢያለሽ አትገቢም ብሎ እስኪጮህብኝ ድረስ አልገባሁም።

አባቱ ኦቦ ፉፋ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ከጤና ጣቢያው ጋር ይዋሰናል። በድንበሩ ላይ አባታቸው የተከሉት ትልቅ ዋንዛ አለ፤ የተጣላ የሚታረቀው፣ የተበደለ የሚዳኘው እሱ ሥር ነው። ጃርሶሊ የሚባሉትም እዚያ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ሁልጊዜ ሰላምታ ስሰጣቸው ኦቦ ፉፋ «ነጋ ቡልቴ?» ብለው በሰላም ማደሬን ይጠይቁኛል፤ ከዚያ በላይ ቃል አይጨምሩም። ጋሩማ ዝምታውን ከማን እንደወረሰ ያኔ ነው የገባኝ።

ሰኔ ገባ፣ ክረምቱ ከበደ። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ሲጠራ እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ አነሳሁት። «ቀይ መብራት በርቷል» አለኝ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

መድኃኒቱ ሞቆ ተበላሸ። በዚያ ሳምንት ልጆቻቸውን አዝለው በጭቃ የመጡ እናቶች ሁሉ እንዲሁ ተመለሱ። አዴ ብርቄ የሚባሉ ሴት አራስ ልጃቸውን ይዘው ሩቅ መንገድ በእግራቸው መጥተው ነበር፤ በሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ወሬው ተነሣ። ነርሱ የሰው ሞባይል ከማቀዝቀዣው መስመር ላይ ቻርጅ እያደረገ ነው ባትሪው ያለቀው ተባለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ወሬ አባት የለውም።

ታዲዮስ መጣ። መድኃኒቱ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ቻርጀር ተሰክቶ አየ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀም። ነቀምቴ ተመልሶ ብልሽቱ የደረሰው በተጠቃሚው አያያዝ ጉድለት ነው የሚል ሪፖርት ጻፈ። የእኔም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ ለመረከብ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበርና ስሙ እንዳይነካ ፈራ። የሱ ስም እንዳይነካ ግን የጋሩማ ስም መጥፋት ነበረበት። ጋሩማ ጥፋተኛ ከተባለ ከሥራው ይባረራል፣ ከዚያም አልፎ በሕፃናት መድኃኒት የቀለደ ሰው እየተባለ ይኖራል።

ከመፈረሜ በፊት እሱን ልጠይቀው ሄድኩ። አጠያየቄ ግን የሰው አልነበረም፤ ተቆጣጣሪ ነበርኩ የምመስለው።

«ጋሩማ፣ ያ ቻርጀር የማነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ውስጥ የነበረው ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ ነበር።

«አንቺም?» አለ።

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እኔ መድኃኒቱ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

በማግሥቱ ስልኩ አልጠራም። በሳልስቱም አልጠራም። ደውዬ ይቅርታ ልለው ብዬ ስልኩን አነሳና ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ማቀዝቀዣው ደህና አላደረም፤ እኛም ደህና አላደርንም።

ሐምሌ ገብቶ የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። እማዬ ከዋዜማው ጀምራ ቤቱን ስትወለውል ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ይሰረዝ ይሆናል ብዬ ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ። አባባ ኮቱን ለበሰ፤ ያ ኮት ከፈተና ቀን በቀር አይወጣም። ሽማግሌ ማለዳ ነው የሚመጣው። ማለዳው አለፈ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ቀትር ሆነ። እማዬ ምግቡን ሸፍና ጓዳ ገባችና አልወጣችም። ጎረቤት እንኳ በአጥር ማየቱን ሰልችቶት ተወ። እኔ ተተውኩ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

አባባ ኮቱን አውልቆ አጣጠፈ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለኝ። እኔ ግን ንጋት የሚባለውን ነገር ጠልቼው ነበር፤ ስልኩ የማይጠራው ጠዋት ጠዋት ነውና።

በማግሥቱ ታዲዮስ ቢሮው አስጠራኝ። የጤና ጣቢያው ነገር ሐሙስ ዕለት ዋንዛው ሥር በሽማግሌ ሊታይ ነው፤ ኩባንያውም ሰው እንዲልክ ተጠይቋል። ቋንቋውን ስለምትችይ አንቺ ሂጂ አለኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ፈርመሽ አንብቢላቸው። ኮንትራትሽን በሚቀጥለው ሳምንት እናድሳለን።»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አልፈረምኩም፣ አልፈርምም ብዬም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ሰው ሳይሰበሰብ ቀድሜ ደረስኩ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅዬ ሽቦውን በእጄ ተከተልኩት። የሚሄደው ወደ እኛ ባትሪ አልነበረም፤ ወደዚያ ሲፈልግ ወደሚመጣው የመብራት ኃይል መስመር ነበር። አምቡላንስ የሚጠሩበት የጤና ጣቢያው ስልክ ቻርጀር ነው። ልጠይቀው የሚገባኝን ነገር ሽቦው ነገረኝ፤ እፍረት ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ።

ታዲያ ባትሪውን የጨረሰው ምንድን ነው? ደመናው ነው እንዳልል፣ ለደመና የሚሆን መጠባበቂያ አስበን ነው የገጠምነው። መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። ኬብሉን፣ ማሰሪያውን፣ ፓነሎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሁሉም ጤነኛ ነው። ልወርድ ስል ደመናው ለአፍታ ተሰነጠቀና ፀሐይ ወጣች። ጥላዬ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ።

የወደቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ ነበር።

ቆሜ ቀረሁ። የተማርነው መጽሐፍ ፀሐይ በደቡብ ብቻ ከምትዞርበት አገር የመጣ ነው፤ ፓነልን ወደ ደቡብ አዙሩ ይላል። ታኅሣሥ ላይ ወለጋም እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ ግን ፀሐይ በእኛ አናት አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ቀና አልኩ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዋንዛው ቆሟል፤ ታኅሣሥ ላይ ጣሪያውን ያልነካው ጥላ አሁን ፓነሎቹ ላይ በሙሉ ተኝቷል። ሐምሌ ላይ ከቀትር በኋላ ዝናብ እንጂ ፀሐይ የለም። ያለችውን የጠዋቷን ደግሞ ዛፉ ይወስዳታል። ይህን አይቼ ሳልጨርስ ደመናው ተመልሶ ገጠመ፤ ጥላ የሚባል ነገር ከምድር ጠፋ።

ካየው ሰው በስተቀር ምስክር አልነበረኝም፤ ያየሁትም እኔ ብቻ ነኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ኦቦ ፉፋ ተከሳሹ ልጃቸው ስለሆነ ከዳኝነቱ ወጥተው ዳር ላይ ተቀመጡ፤ በእሳቸው ቦታ ኦቦ ባቻ ተሰየሙ። ጋሩማ መሐል ቆሟል። ባርኔጣው በእጁ ነው። አዴ ብርቄ ልጃቸውን አቅፈው ተነሡና የደረሰባቸውን ተናገሩ። አልጮኹም፤ በርጋታ መናገራቸው ነው ሰውን ሁሉ ያስቆጣው። ቀጥሎ የኩባንያው ሰው ይናገር ተባለ።

ተነሣሁ። ጋሩማ አላየኝም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ቻርጀሩን ተናገርኩ፣ ጥላውን ተናገርኩ። ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። ሁሉም ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ሰማዩ ግራጫ ነው። የምን ጥላ ነው የምታወራው አለ አንዱ።

ኦቦ ባቻ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ባለፈው እሑድ ለዚህ ልጅ አንቺን ልንጠይቅ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ይህን አገሩ ያውቃል። ሙሽራ ለሙሽራው ብትመሰክር ማን ያምናል?»

እውነታቸውን ነው። እንባዬ መጣ፤ እልሄ ግን ቀደመው።

«የእኔን ቃል አትመኑ» አልኩ። «ፀሐይዋን ጠብቁ። እስክትወጣ ማንም አይሂድ። ባትወጣ ወይም ጥላው ያልኩት ቦታ ባይወድቅ፣ በያዝኩት ወረቀት ላይ እዚሁ ፊታችሁ እፈርማለሁ።»

አጉረመረሙ። ኦቦ ባቻ ግን፣ እዚህ ዛፍ ሥር ተቻኩለን የፈረድነው ነገር የለም፣ እንጠብቅ አሉ።

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። ሁለት ፓነል ነቅዬ ዛፉ የማይደርስበት ሜዳ ላይ ላወርድ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። መሐል ስደርስ መሰላሉ ጠበቅ አለ። ወደ ታች አየሁ። ሁለት እጆች ግራና ቀኙን ጨብጠው ይዘዋል።

«ሽቦውን ተከትዬ አየሁት» አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከአንተ በፊት ሽቦውን መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

«ሥራሽን ሥሪ» አለ። «እኔ አልለቅም።»

ፓነሎቹን አውርደን ሜዳው ላይ ዘረጋናቸው፤ ኬብሉን ስበን ማቀዝቀዣው አጠገብ ካለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ጋር አገናኘን። ኃይል ሲገባ አረንጓዴ መብራት የምታበራው እሷ ናት። ከዚያ ያው መጠበቅ ነው። ካፊያ ጣለ። አንዳንዱ ከብቴ ሜዳ ላይ ነው ብሎ ተነሣ፣ ሽማግሌዎቹ ሲያዩት ተቀመጠ። የአዴ ብርቄ ልጅ አለቀሰ፣ ጠባ፣ ተኛ። ጠዋቱ እያለቀ ነበር። ከረፈደ የዛፉ ጥላ ከጣሪያው ይሸሻል፣ ዝናቡም ይመጣል፤ ያኔ ቃሌ ውሸት፣ ጋሩማም ጥፋተኛ ሆኖ ይቀራል። ጋሩማ ከበሩ ጋር ቆሞ ሰማዩን አያይም፤ እኔን ነው የሚያየው።

ደመናው በምሥራቅ በኩል ነጣ አለ። ቀጥሎ መሬቱ ላይ ብርሃን እየሮጠ መጣ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ጣሪያው ላይ የዋንዛው ጥላ ልክ እንዳየሁት ተኝቷል፣ ከሥሩ አንድም ፓነል አላመለጠም። ሜዳው ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ዐይን ይወጋሉ። ከውስጥ አዴ ብርቄ ተጣሩ፤ መቆጣጠሪያዋን ሊያዩ ቀድመው የገቡት እሳቸው ነበሩ።

«አረንጓዴ ሆነ» አሉ። ወጥተውም ጋሩማ ፊት ቆሙ። በአንድ እጃቸው ልጃቸውን እንደያዙ በሌላው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

ያኔ አንድ ሰው ከኋላ፣ እንግዲያው ዛፉ ይቆረጣ አለ። ኦቦ ፉፋ ከዳር ተነሡ። ዋንዛውን ወደ ላይ አዩት፤ አባታቸው የተከሉትን።

«ለልጆች መድኃኒት ከሆነ ይቆረጥ» አሉ። ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

«አይቆረጥም» አልኩ። «ዛፉ ቀድሞ ነበር፤ በኋላ የመጣነው እኛ ነን። ፀሐይ ወዴት እንደምትዞር ሳያይ የለካው የእኛ ኩባንያ ነው። ፓነሉን እናነሣለን። ይህን የምናገረው በኩባንያው ስም ነው።»

ይህን ስል ሥራዬን እያጣሁ እንደነበር አውቄዋለሁ። ወረቀቱን ሳልፈርም ለኦቦ ባቻ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ጋሩማ ንጹሕ ነው፣ ኩባንያው ፓነሉን ያንሣ ብለው ፈረዱ።

ሰው ሲበተን ኦቦ ፉፋ አጠገቤ መጡ። እሑድ ስትጠብቁን ውላችኋል አይደል አሉኝ። «በልጄ ላይ ነገር ተንጠልጥሎ ሽማግሌ ልኬ የሰው ደጅ አላስረግጥም። በእኛ ዘንድ ስሙ ያልጠራ ልጅ የሰው ልጅ አይጠየቅለትም» አሉ። እኔ ንቀውኝ የቀሩ መስሎኝ ስቃጠል፣ እሳቸው አክብረውን ነበር የቀሩት። ጋሩማንም ያን ሳምንት ሁሉ ስልክ እንዳይደውልልኝ የያዘው ይኸው ነበር።

ታዲዮስ ኮንትራቴን አላደሰም። አልተጣላንም። ሽማግሌዎቹ የፈረዱትን ግን መገልበጥ አልቻለምና ፓነሎቹን ሜዳው ላይ የሚያቆም ብረት ላከ። ገጠማውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለኩባንያው የመጨረሻ ሥራዬ ነበረች። አሁን ነቀምቴ ላይ የራሴ አንዲት ክፍል አለችኝ። እስከ ኑኑ ቁምባ ድረስ ይጠሩኛል፤ በሄድኩበት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ዛፋችሁ ወዴት ነው ብዬ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ማለዳ ጃርሶሊ ደጃችን ቆሙ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘዋል። ልማዱ ነው፣ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። አባባ ኮቱን ለብሶ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ካፊያ እየወረደባቸውም ቢሆን መጠየቁን አልተወም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ፤ እማዬ እጄን ጨብጣ ልትሰብረው ነው።

«ልጄ ሥራዋን አጥታለች» አለ አባባ። «ሳታውቁ መጥታችሁ እንዳይሆን።»

«እናውቃለን» አሉ ኦቦ ባቻ። «እኛ ፊት ነው ያጣችው።»

አባባ በሩን በሁለት እጁ ከፍቶ ግቡ አላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጠራ። እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ ከሥራ ነው ብዬ አልዋሸሁም።

«ማቀዝቀዣው ደህና አድሯል» አለ።

«አንተስ?»

ዝም አለ። እኔም አልዘጋሁም።

«እኔን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ ጋሩማ። «እስኪነጋ ቸኩዬ።»